ቀለበት ሊያሠሩ ብቻቸውን ለሚመጡ ልጆች

ልጆቼ፣

ከኮተቤ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቄ ወርቅ ሳነጥር ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ድሮ ለቃል ኪዳን ቀለበት የሚመጡት ሁለቱ ተያይዘው ነበር። ዛሬ ወንዱ ብቻውን ይመጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሷ አታውቅም፤ ድንገት ልጠይቃት ነው» ይለኛል። እኔም አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ «ስለ ጋብቻ ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ?» «እሱንም ያን ቀን ነው የምትሰማው» ካለኝ ቀብዱን አልቀበልም።

ለዚህ ምክንያት አለኝ። በወጣትነቴ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ባለቤቴ አባት ላክሁ። እሷ ነገሩን የሰማችው ለእንግዶቹ ቡና ስትቀዳ ነው፤ ጀበናው እጇ ላይ እንዳለ። በአባቷና በሦስት ጋቢ ለባሾች ፊት እንዴት እምቢ ትበል? ተጋባን፣ ወልደን ሳምን። ነገር ግን እስከ ዛሬ በተጋጨን ቁጥር ያቺ ጀበና ትነሣለች።

በሆቴል አዳራሽ፣ ማይክሮፎን ይዛችሁ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን ደቅኖ እየቀረጸ የምትንበረከኩትም ከእኔ ሽማግሌዎች ብዙ የምትሻሉ አይመስለኝም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃዳቸውን ካልሰጡ ጋብቻው አይጸናም ይላል። በጭብጨባ መካከል የተሰጠ እሺታ ምን ያህል ነጻ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። እንዲህ ባለ ድግስ ላይ የተሰጠ አንድ ቀለበት በሳምንቱ ከነሳጥኑ ተመልሶልኛል።

ድንገተኛ መሆን ያለበት ቀኑና ቦታው ነው። ለዚያ ደግሞ የከተማችን ዳርቻ ሞልቶ ተርፎታል። መስከረም ላይ የየካ ተራራ ግርጌ በአደይ አበባ ቢጫ ሲሆን በእግር ውሰዷት። እንጦጦን ከመረጣችሁ በማለዳ ውጡ፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጋቢ አትርሱ፤ በብርድ የምትንቀጠቀጥ ሴት ስለ ትዳር አታስብም። ሐምሌንና ነሐሴን ተዉአቸው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ቀለበቱ ጭቃ ውስጥ ወድቆበት እስኪመሽ ሲፈልግ የዋለ ደንበኛ አለኝ።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ግን ወንዱ ራሱ ቡና የሚያፈላበት ነው። ቄጠማውን ጎዝጉዞ፣ ቢያሳርረውም ራሱ ቆልቶ፣ አቦልና ቶናን በጨዋታ አሳልፎ በረካ ላይ ይጠይቃት። ቀለበቱን ስኒ ውስጥ አትክተቱት፤ ትውጠዋለች።

ስለ ልኩ፦ አንድ ልጅ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሳሙና ይዞልኝ መጣ። ስፈታው መካከሉ ላይ የክብ ምልክት አየሁ፤ እጇን ስትታጠብ ያወለቀችውን ቀለበት ሳሙናው ላይ ተጭኖት ኖሯል። የየትኛው ጣት እንደሆነ አጣርቶ ስለነበር ልክ ሆነለት። ይህ ካልተመቻችሁ ቀለበቷን ወረቀት ላይ አስቀምጡና ውስጡን በቀጭን እርሳስ ክበቡት። በግምት አትምጡ፤ ያለችግር ጣት ሥር የሚቀመጥ ቀለበት አንጓው ላይ ሊቆም ይችላል። ወርቁ 18 ካራት ይበቃል፤ ከመቶ 75ቱ ወርቅ ነው። ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ ፈርጥ አጥብቆ አይዝም። ተበድራችሁ ግን አታሠሩ።

የሳሙናው ልጅ እንደመከርሁት ቡናውን አፈላ፤ በረካ ላይ ጠየቃት። በኋላ ሁለቱም ሊያመሰግኑኝ መጡ። ለካስ ልጅቷ በአሮጌ ቀለበቷ ፈርጥ ሥር የሳሙና ፍርፋሪ አይታ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ሳትናገር ትጠብቀው ነበር። ይህን ስትነግረኝ ልጁ አጠገቧ ቆሞ አፉን ከፍቶ ያያታል።