ስለ ኬዳርናት ግንባታ ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። «ሕንድ ውስጥ፣ ሂማላያ ተራራ ላይ ያለው የኬዳርናት ቤተ መቅደስ አካባቢ የሚሠራው ግንባታ ቦታውን ጠቀመው ወይስ ጎዳው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እዚያው ሰሜን ሕንድ፣ ዴህራዱን ከተማ ተማሪ እያለሁ ሄጄበታለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ከላይ ቤተ መቅደሱ አጠገብ የተሠራው ሳይሆን መንገዱና የሰዉ ብዛት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 ከደረሰው ጎርፍ ነው። ከበላይ ያለው የቾራባሪ ሐይቅ ተደርምሶ ውሃው ቋጥኝና ጭቃ እየገፋ ወረደ። በአካባቢው በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ወንዙ ዳር ተጠጋግተው የተሠሩት ሆቴሎችና ሱቆች ተጠርገው ሄዱ። ለሂንዱው አምላክ ለሺቫ የተሠራው ቤተ መቅደስ ራሱ ግን ተረፈ፤ አንድ ግዙፍ ድንጋይ ተንከባሎ መጥቶ ከጀርባው ስለቆመ ጎርፉ ለሁለት ተከፈለ። ዛሬ ምእመናኑ ያንን ድንጋይ «ቢም ሺላ» ይሉታል፤ ግንባራቸውን አስነክተው ይሳለሙታል።

ከዚያ ወዲህ መግቢያው ሰፍቶ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ቤተ መቅደሱ ካለባት ትንሽ ከተማ ጀርባም መከላከያ ግንብ ቆሟል። ይሄ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ለወንዙ ቦታውን መልቀቅ ከሁሉም በፊት መደረግ ያለበት ነገር ነበር።

መንገዱ ግን ሌላ ነው። የእግር ጉዞው ከሚጀምርበት ከጋውሪኩንድ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ዝናብ ሲመጣ ጭቃውና የበቅሎው ፋንድያ አንድ ላይ ይቦካል። አንዳንዱ ሸክመኛ አሮጊት በቅርጫት አዝሎ እያለከለከ ያልፍሻል፤ በላይሽ ሄሊኮፕተር ይጮኻል። በ2023 ብቻ ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ሰው ወጥቷል። በሐምሌ 2024 መጨረሻ ደግሞ ከባድ ዝናብ መንገዱን ቆራርጦት በሺዎች የሚቆጠሩ ተጓዦች መውጫ አጥተው ነበር።

አሁን ደግሞ ከታች ካለችው ከሶንፕራያግ የሚነሳ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ሰው የሚያመላልስ 12.9 ኪሎ ሜትር የኬብል መኪና በ2025 ጸድቋል። ስምንት ዘጠኝ ሰዓት የሚፈጀው ጉዞ 36 ደቂቃ ይሆናል፤ በቀን 18,000 ሰው ማመላለስ ይችላል ተብሏል። ለአረጋውያን ትልቅ እፎይታ ነው፤ በቅሎዎቹም ያርፋሉ። ግን ያ ሁሉ ሰው የት ያድራል? ቆሻሻውስ የት ይገባል? ከተማዋ የተቀመጠችው በረዶ ገፍቶ ባከማቸው ልል አፈርና ድንጋይ ላይ ነው። በቅሎ እየነዱ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት የመንደሩ ሰዎችስ? በእኔ እምነት ኬብሉ ሥራ ሳይጀምር በቀን ስንት ሰው እንደሚገባ በሕግ ተወስኖ መጽናት አለበት።

መሄድ ካሰብሽ ሐምሌና ነሐሴን ተዪው። ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ሂጂ፤ በረዶ በሚጥልበት በብርዱ ወቅት ግን ለስድስት ወር ያህል ይዘጋል። አስቀድመሽ ኦንላይን ተመዝገቢ፤ ያለዚያ ከታች ይመልሱሻል። ከፍታው 3,583 ሜትር ስለሆነ በዝግታ ውጪ፤ ራስሽን ካመመሽ ወይም ካጥወለወለሽ ቶሎ ውረጂ።