«ለአይጥ ይለቀሳል እንዴ?» ስለ ሃምስተርና ዘመዶቹ ጥያቄና መልስ

ቆሎ ሞተ ብዬ ፎቶውን ካወጣሁ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። ቆሎ ሃምስተራችን ነበር፣ ሰው ቤቱ የሚያሳድገው ትንሽ የአይጥ ዘመድ፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር አብሮን ኖረ። ስሙን ያወጣችለት ልጄ ናት፣ ገብሱን ጉንጩ ውስጥ ጠቅጥቆ ሲሮጥ አይታ። እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ በረዳትነት ስሠራ 11 ዓመቴ ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ዛሬ ሥራ የለኝም፣ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እህቴ አትቀየሚኝና፣ ለአይጥ ይለቀሳል እንዴ? እናቴ ብትሰማ ታማትባለች።

የኔም እናት አማትባለች። ከጎንደር መጥታ የከረመች ጊዜ የመጀመሪያውን ሳምንት የመኝታ ቤቷን በር ሥር በፎጣ ወትፋ ነው ያደረችው። በሦስተኛው ሳምንት ግን ዱባ ስትከትፍ ፍሬውን ለብቻ እያስቀመጠች «ያ ሰውዬ እራቱን በላ?» ትለኝ ጀመር። አልፈርድባትም፤ ጎተራ ሲራቆት ያየ ሰው አይጥ ቢጠላ እውነት አለው። ግን አይጥም ዓይነት አለው። ማጋዋ የሚባለው ግዙፍ የአፍሪካ አይጥ ታንዛኒያ ሠልጥኖ ካምቦዲያ ውስጥ ከ100 በላይ የተቀበሩ ፈንጂዎችና ተተኳሾች አሽትቶ አግኝቷል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። እሱም እንደ ቆሎ ባለ ከረጢት ጉንጭ ነው። የዚሁ ዝርያ አይጦች አዲስ አበባም የቲቢ በሽታን ከአክታ ናሙና እያሸተቱ ይለያሉ። አዎ፣ አልቅሻለሁ።

ጥያቄ፦ ከሚኒያፖሊስ ነኝ። ሌሊት ማሞቂያችን ተበላሽቶ ጠዋት ስነሳ ሃምስተሩ ተጠቅልሎ በረዶ ሆኗል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ ልቀብረው ነው። ምን ያህል ልቆፍር?

ቆይ ወንድሜ! አትቅበረው! ሃምስተር ብርድ ሲጠናበት ሰውነቱን አቀዝቅዞ ይደነዝዛል፤ ትንፋሹ እጅግ ስለሚራራቅ የሞተ ይመስላል። በዚህ ሁኔታ በሕይወቱ የተቀበረ ስንት እንዳለ እግዜር ይወቀው። መዳፍህ ላይ አድርገውና ዓይንህን ከጢሙ ሳትነቅል ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቅ። ድዱንም እይ፤ ሮዝ ከሆነ ተስፋ አለ። ከዚያ በእጅህና በደረትህ ሙቀት ቀስ እያልክ አሙቀው። የፀጉር ማድረቂያና የፈላ ውሃ አታስጠጋበት፣ ድንገተኛ ሙቀት ራሱ ይገድላል። ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ሰዓታትም ሊፈጅ ይችላል።

ያው ጠያቂ፦ ጢሙ ተንቀሳቀሰ! በአንድ እጄ ነው የምጽፈው።

እልልል! ሌላኛውን እጅህን እንዳታነሳ። ሲነቃ ይንቀጠቀጣል፣ አትደንግጥ። ራሱን ሲችል ለብ ያለ ውሃ ስጠው፣ ከዚያ ምግብ። ዛሬውኑም ሐኪም ጋ ደውል።

ጥያቄ፦ ብቻውን አሳዘነኝ። ጓደኛ ልግዛለት?

ወርቃማው፣ የሶርያ የሚባለው ትልቁ ከሆነ በፍጹም። ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነስቼ ነው። ክሊኒክ ከመግባቴ በፊት ከአንድ ሱቅ ሁለት እህትማማቾች ገዛሁ፤ ሻጩ «አብረው ይተኛሉ፣ ይዋደዳሉ» አለኝ። እውነትም አንድ ወር ያህል ተቃቅፈው ተኙ። አንድ ጠዋት አንደኛዋን ጥግ ላይ አንገቷ ተነክሶ አገኘኋት፤ ሌላዋ ምንም እንዳልተፈጠረ ፊቷን ታጥባለች። ሻጩን ለብዙ ጊዜ ረገምኩት፤ ግን እኔም ሳልጠይቅ፣ ሳላነብ ነው የገዛሁት። ይህ ዝርያ ካደገ በኋላ ብቻውን መኖር ነው ተፈጥሮው። ጊኒ ፒግ የሚባለው፣ ከሃምስተር ተለቅ ያለው ዘመዱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ብቻውን ይከፋዋል። ስዊዘርላንድ ውስጥማ አንድ ጊኒ ፒግ ለብቻው ማሳደግ በሕግ የተከለከለ ነው። ጊኒ ፒግ ካላችሁ ቫይታሚን ሲ አትርሱ፤ እንደኛው ሰውነቱ አይሠራውም።

ጥያቄ፦ ዶሃ ሰው ቤት ነው የምሠራው። የማዳም ልጅ ሃምስተር አለው፣ መንከባከቡ ግን የኔ ሆኗል። ሊሄዱ ሲሉ ኤሲውን አጥፉ ይላሉ። ከሞተ በኔ ነው የሚመጣው፤ ምን ላድርግ እህቴ?

ጭንቀትሽ ይገባኛል የኔ እህት። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ይስማማዋል፤ 30 ሲያልፍ አደጋ ላይ ነው፣ የዶሃ በጋ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ለልጁ አሁኑኑ፣ ሰላም ሳለ ንገሪው፤ ልጅ ለእናቱ ሲነግራት ይሰማል። በረንዳ ላይ እንዳታወጪው። ኤሲው ከጠፋ ወለሉ ሴራሚክ የሆነ፣ ፀሐይ የማያገኘው ክፍል ውስጥ መሬት ላይ አድርጊው፤ በውሃ የተሞላ ጠርሙስ አቀዝቅዘሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከቤቱ ውጭ አስጠጊለት። ተዘርግቶ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ከሆነ እግሩንና ጆሮውን በቀዝቃዛ ውሃ በራሰ ጨርቅ ዳብሺው፣ በረዶ ውሃ ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከኛ ማዕድ ምን ይበላል? ቆሎ ይበላል?

ጨው ያልነካው ገብስ፣ አጃ፣ ትንሽ ስንዴ ይበላል። የሱፍና የዱባ ፍሬ ይወዳል፣ ግን ስለሚያወፍር በቀን ሁለት ሦስት ፍሬ ይበቃዋል። ጎመን፣ ዱባ፣ የጥፍር ታክል ካሮት ይሁን። ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ቸኮሌት፣ ያልበሰለ ቦሎቄ አይሁን። በርበሬ ያየ ምግብማ አይነሳ። ዋናው ምግቡ ግን ለእሱ ተብሎ የተዘጋጀው ነው።

ጥያቄ፦ እርጉዝ ነኝ፣ ባለቤቴ ለልጃችን ልግዛ ይላል።

እስክትወልጂ ይጠብቅ። አይጥና ሃምስተር ኤልሲኤምቪ የሚባል ቫይረስ ሊይዙ ይችላሉ፤ አዋቂ ላይ እንደ ጉንፋን ሊያልፍ ይችላል፣ ፅንስ ላይ ግን ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ቀድሞ ቤት ውስጥ ካለ ጽዳቱን ባልሽ ይሥራ።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ከየት የመጣ እንስሳ ነው?

ይኼን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በ1930 እ.ኤ.አ. እስራኤል አሃሮኒ የተባለ የእንስሳት ተመራማሪ አሌፖ አካባቢ ከእርሻ መሬት አንዲት እናት ከነግልገሎቿ አስቆፍሮ አወጣ። ያስፈለገውም ኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ሳውል አድለር ሌይሽማንያሲስ የሚባለውን በሽታ ለማጥናት እንስሳ ስለቸገረው ነው። ሑመራና መተማ የሠራ ሰው ካላአዛርን ያውቀዋል፤ የዚሁ በሽታ አንዱ መልክ ነው። እናቲቱ በያዟት ጊዜ አንዱን ልጇን በጥርሷ ገደለችው። ከቀሩት ጥቂቶች ወንድምና እህት ተራብተው፣ ዛሬ በየቤቱ ያለው ወርቃማ ሃምስተር በአብዛኛው የዚያች እናት ዘር ነው። እርግዝናቸው 16 ቀን ገደማ ብቻ ስለሆነ መብዛቱ አልቸገራቸውም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የስድስት ዓመት የልጅ ልጅ አለኝ። ሃምስተሩ ሲሞት አባቱ ተመሳሳይ ገዝቶ በድብቅ ሊተካ ነው። እኔ አልወደድኩትም።

ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ክሊኒካችን እንዲህ ያደረገ አባት መጥቶ ያውቃል፤ ልጁ የሃምስተሩ ግራ ጆሮ ላይ የነበረችው ቁርጥ የለችም ብሎ በአንድ ቀን ነቃበት። ከዚያ በኋላ ስለ ሃምስተሩ ማልቀሱን ትቶ «ሌላስ ምን ዋሽተኸኛል?» ማለት ጀመረ። «ተኛ» ብለውም አይንገሩት፣ ማታ መተኛት ይፈራል። ሞተ ይበሉት። ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሦስት የሃምስተር ሙሉ ዕድሜ መሆኑንና ሽማግሌ ሆኖ እንደሞተ ያስረዱት። ይቅበረው። ካርቶን ሣጥን ይበቃል፣ ፕላስቲክ ግን አይሁን፤ ቀበሮና ውሻ እንዳያወጣው ግማሽ ሜትር ያህል ይቆፈር። ግቢ ከሌላችሁ ክሊኒኮች ያቃጥላሉ። የኔዋ ልጅ «ተዝካሩስ መቼ ነው?» ስትለኝ ሳቄ መጣ፣ ግን አልሳቅኩም። በአርባኛው ቀን ቆሎ እንቆላለን አልኳት። ስምንት ቀን ቀርቶናል።

ጥያቄ፦ ጅራቱ አካባቢ ርሷል፣ ተቅማጥ አለው። እስከ ሰኞ ልጠብቅ?

አትጠብቂ። በተለይ ግልገል ከሆነ በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። ሁሉም የእንስሳት ሐኪም ሃምስተር ስለማያይ ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ። የጥድ ወይም ሴዳር የሚባለውን እንጨት ፍርፋሪ ካነጠፍሽለትም በወረቀት ቀይሪው፤ ሽታው ሳንባውን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የቆሎን ቤት ምን ልታደርጊው ነው?

ትናንት አጠብኩት። ምንጣፉን ስገለብጥ ጥጉ ላይ አንድ ስኒ የሚሞላ ገብስ ከምሮ ኖሯል፣ በሥርዓት፣ የእናቴም የዱባ ፍሬዎች አሉበት። ፎቶ አንስቼ ላኩላት። «ይኼ ሰውዬ ለክረምት ያሰበ ነበር» አለችኝ። ቤቱ አንድ ሜትር በሃምሳ ሳንቲም ነው፣ ጋራዥ ተቀምጧል፤ ለሚፈልግ በነፃ እሰጣለሁ። የሚሮጥበት መሽከርከሪያ ግን ሌሊት ይንጫጫል፣ ዘይት ቀቡት።