ጋማው ረጅም ነው፤ ለድሬሳዥ ውድድር እንዴት ይቅረብ? (ጥያቄና መልስ)

የፈረስ ወዳጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ስለ ጋማ የከበዳችሁን አምጡ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎርፏል። ለማታውቁኝ፦ አንጎለላ አካባቢ ፈረስ መሐል አድጌ፣ ኋላ አውሮፓ በአንድ የድሬሳዥ ጋጣ ውስጥ ፈረስ እያጠብሁና ጋማ እየጎነጎንሁ ኖሬያለሁ። አሁን ደብረ ብርሃን ነኝ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከጫጫ)፦ ጋሼ፣ ድሬሳዥ ሲባል እሰማለሁ እንጂ በቅጡ አላውቀውም። ከጉግስ በምን ይለያል? ጋማስ ነጥብ ያሰጣል?

መልስ፦ ጉግስ ላይ ሽምጥ ይጋለባል፣ ዘንግ ይወረወራል፣ በጋሻ ይመከታል። ድሬሳዥ ላይ ማንም ማንንም አያሳድድም። ፈረሱና ጋላቢው ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 20 ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ ብቻቸውን ይገባሉ፤ ለጀማሪ 40 በ20 የሆነ ሜዳም አለ። እዚያ የታዘዙትን እርምጃ፣ ሶምሶማና ግልቢያ በተወሰነለት ቦታ ላይ ያሳያሉ፤ ዳኛው ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል።

ለጋማ የተለየ ነጥብ የለም። ግን ዳኛው ዓይኑን የሚጥለው አንገት ላይ ነው። ከጆሮው ኋላ ያለው የፈረሱ አናት ከአንገቱ ሁሉ ከፍ ብሎ መታየት አለበት፤ አፉም ልጓሙን በእርጋታ መቀበል አለበት። ረጅም ጋማ ሲወዛወዝ ይህን ሁሉ ይሸፍናል፤ ከዛቡም ጋር ይጠላለፋል። የመጎንጎኑ ምክንያት ይኸው ነው፤ ማማሩ ትርፍ ነው።

ጥያቄ (ከመንዝ፣ ሞላሌ)፦ ልጄ፣ በእኛ አገር የፈረስ ጋማ አይነካም፤ ክብሩ ነው። ፈረንጆቹ ግን ይነጩታል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? ለውድድር ሲባል መቁረጥ ግድ ከሆነ ይቅርብኝ ብዬ ነው።

መልስ፦ መንጨቱ እውነት ነው አባቴ። በድሬሳዥ ላይ አብዝቶ የሚታየው ጋማ 10 ወይም 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ረጃጅሙን ጠጉር በማበጠሪያ እየለዩ፣ ጥቂት ጥቂቱን ከሥሩ እየሳቡ ያሳሱታል፣ ያሳጥሩታልም። ችሎ የሚቆም ፈረስ አለ፤ አንገቱን የሚያስጥልም አለ፤ እኔ በበኩሌ ሥራውን አልወደውም።

መቁረጥ ግን ግድ አይደለም። እንዲህ የሚል ሕግ የለም። የኔዘርላንዱ ጥቁር ፍሪዥያን፣ የስፔኑ አንዳሉሲያን፣ የፖርቱጋሉ ሉሲታኖ ረጅም ጋማቸውን ይዘው ነው የሚወዳደሩት። በስፔን እንዲያውም የድንጉላውን ጋማ አስረዝመው የባዝራዋን የመላጨት ልማድ አለ። የኖርዌዩ ፍዮርድ ደግሞ ጋማው መሐሉ ጥቁር፣ ዳርና ዳሩ ነጣ ያለ ስለሆነ ጥቁሩ መስመር ጎልቶ እንዲታይ በልክ ቆርጠው ያቆሙታል። ሁሉም በየአገሩ ነው። በአባ ዳኘው የትውልድ አገር መቀስ እናንሳ የሚል ሰው ካለ ግን አንጎለላ ድረስ ይምጣና እንነጋገር።

ጥያቄ (ከፍቼ)፦ የሰላሌ ፈረስ አለኝ፣ ዳማ ነው። ጋማው ከአንገቱ በታች ይወርዳል። ፎቶ ላይ እንደማየው በትንንሹ እየጠቀለልሁ ላሰልፈው ሞከርሁ፣ አስቀያሚ ሆነ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ትንንሹ ጥቅልል ለአጭር ጋማ ነው። ረጅሙ ሲጠቀለል እያንዳንዱ ድንች ያክልና አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። ለአንተ የሚሆንህ አንድ ወጥ ጉንጉን ነው፤ ከጆሮው ኋላ ተነሥቶ፣ የአንገቱን ጠርዝ ተከትሎ፣ ኮርቻው ፊት እስካለው ጉብታ የሚወርድ።

ጋማውን መጀመሪያ በጣትህ፣ ቀጥሎ ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ ፍታው። ከጫፉ ጀምረህ ወደ ሥሩ ውጣ፤ ከሥሩ ጀምሮ ቁልቁል የሚስብ ሰው ግማሹን በጥሶ ሚዶው ላይ ያስቀረዋል። በእርጥብ እጅ አንድ ሁለቴ ዳበስ አድርገው። የልጓሙ የራስ ጠፍር የሚያርፍበትን ከጆሮ ኋላ ያለ ጠጉር አትንካው። ከእሱ ቀጥሎ አውራ ጣት የሚወፍር ጠጉር ያዝ፣ ሦስት ላይ ክፈለውና ጎንጉን። አሁን ዋናው ነገር መጣ፦ ከአንገቱ ጠርዝ በኩል ያለው ዘለላ ወደ መሐል በገባ ቁጥር ከጠርዙ ላይ ጥቂት ጠጉር ትጨምርበታለህ፤ ከታች በኩል ላለው ምንም አትጨምርም። የምትጨምረው መጠን እኩል ይሁን። እጅህን ዝቅ አድርገህ ሥራ፤ ጉንጉኑ ከጠርዙ ሦስት አራት ጣት ወረድ ብሎ መተኛት አለበት። እጅህ ወደ ላይ ከሳበ ጉንጉኑ ጠርዙ ላይ ይጣበቃል፣ ያኔ ችግር ነው።

ችግሩ ምንድን ነው? ፈረስ አንገቱን ሲዘረጋ የአንገቱ የላይ ጠርዝ ይረዝማል፤ ጠጉሩ ግን አይረዝምም። ቆሞ ሳለ ልክ የመሰለህ ጉንጉን ጎንበስ ሲል ይወጠርና የጠጉሩን ሥር ይስበዋል። ስለዚህ ክንድ ያህል በጎነጎንህ ቁጥር ቆም በልና መሬት ላይ ሣር ጣልለት። እየበላ እያለ ጠጉሩ ከሥሩ ከተነሣ፣ ፍታና አላልተህ ድገመው። ይህን የምለው ለምቾቱ ብቻ አይደለም። በጀማሪዎች ፈተና ውስጥ ጋላቢው ዛቡን ለቀቅ አድርጎ ፈረሱ አንገቱን ወደ ፊትና ወደ ታች እንዲዘረጋ የሚታዘዝበት ቦታ አለ። ጋማው የተወጠረበት ፈረስ እዚያ ላይ ይሰበሰባል ወይም ራሱን ይነቀንቃል። ዳኛው አልዘረጋም ብሎ ይጽፋል እንጂ ጉንጉኑ ጠብቆበት ይሆን ብሎ አይመረምርም።

መጨረሻ ላይ የተረፈውን ጠጉር እንደ ተራ ጉንጉን ጨርስና ወደ ውስጥ አጥፈህ በጋማው ቀለም ክር ስፋው። ለጥቁር ጋማ በመንዝ የሚፈተለውን ጥቁር የበግ ጠጉር ክር፣ ቀጭኑን፣ ከሱቅ ላስቲክ አስበልጣለሁ፤ ጠጉሩን ይይዛል፣ አያንሸራትትም። መርፌው ትልቅና ጫፉ ደነዝ ይሁን። ወስፌ ይዞ ወደ ፈረስ አንገት የሚጠጋ ሰው እንዳላይ።

ይህ ጉንጉን በውድድሩ ዕለት ጠዋት የሚሠራ ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ መላላቱ አይቀርም፣ ከማታ ጀምሮ አስሮ ማሳደር ደግሞ ፈረሱ ግድግዳ ላይ እንዲያሽ መጋበዝ ነው። አስቀድመህ ቤትህ ደጋግመህ ተለማመድ፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ እንደ እባብ ሄዶ ነው የሚያልቀው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ እኅቴ ሹሩባ ትሠራለች፣ እጇ የታወቀ ነው። ለእሷ ብሰጣትስ?

መልስ፦ ስጣት እንጂ! እኔ ካየኋቸው ጎንጓኞች ሁሉ ቶሎ የሚገባቸው ሹሩባ የሚሠሩ ሴቶች ናቸው፤ ጠጉር እኩል መክፈል በእጃቸው ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገራት፦ ሹሩባ ከራስ ቅል ጋር ጥብቅ ሲል ነው የሚያምረው፣ ይኸኛው ግን ጣት ማስገባት አለበት። እጇ በልማድ ስለሚያጠብቅ የመጀመሪያ ጊዜ አጠገቧ ቁም። ደግሞ ፈረሱን ቀድማ ትላመደው፤ በጎኑ ትቁም እንጂ ከፊቱና ከኋላው አትሁን።

ጥያቄ (ሦስት ሰዎች ጠይቀውታል)፦ ቅቤ ብንቀባውስ?

መልስ፦ ለውድድር፣ አይሆንም። ቅቤ ጠጉሩን ያንሸራትተዋል፣ ጉንጉኑ አይይዝም፤ በጋ ላይ ደግሞ የሜዳውን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። ከሱቅ የሚገዛው ማለስለሻና የሚነፋ ቅባትም ያው ነው፤ ለጭራ ይሁን፣ ለሚጎነጎን ጋማ አይሁን። ኮርቻ የሚያርፍበት ጀርባ ላይ ደግሞ ጭራሽ እንዳይደርስ፤ ኮርቻውን ያንሸራትታል።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ መቼ ልጠበው? በዚህ ብርድ?

መልስ፦ ከውድድሩ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብለህ። ዕለቱን የታጠበ ጋማ ከእጅ ያመልጣል፤ ትንሽ ወዝ ሲመለስበት ነው የሚያዘው። እንደ እኛ አገር ባለ ደጋ፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት ጊዜ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሞቅ ሲል እጠብና ሳይመሽ ይድረቅ። ሳሙናው ለስላሳ ይሁን፣ በደንብም ይለቅለቅ። ሥሩ ላይ የቀረ ሳሙና ያሳክከዋል፣ ሲያሳክከው ያሻል፣ ሲያሽ ደግሞ የሚጎነጎን ጋማ አይተርፍህም።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ለጥምቀት የምናለብሰውን ጌጥ፣ ዘርፉን፣ ቀዩን ጥለት ጋማው ላይ ማሰር ይፈቀዳል? እንዲያ ቢቀርብ ሜዳው ይደምቅ ነበር።

መልስ፦ ይደምቅ ነበር፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ግን የዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን የድሬሳዥ ሕግ በጠጉሩ ላይ ሪባን፣ አበባ፣ የመሳሰለ ጌጥ ማሰርን ይከለክላል። ጋማና ጭራን መጎንጎን ይፈቀዳል። ጌጡን ለጥር 11 አስቀምጠው።

ቀዩን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በእንግሊዝ አገር ጭራው ላይ ቀይ ሪባን የታሰረበት ፈረስ ይራገጣል ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ ዞር ይልለታል። ገራም ፈረስህን በቀይ አስጊጠህ እዚያ ብትሄድ ማንም ሳይጠጋህ ትመለሳለህ።

ጥያቄ፦ ጋማው በቀኝ ይሁን በግራ?

መልስ፦ ልማዱ ቀኝ ነው፣ ሕጉ ዝም ብሏል። ጋማው ወደሚወድቅበት ጎንጉኑ። ለሁለት ከተከፈለ ግን ወደ አንድ ወገን አርጥባችሁ፣ ላላ ባሉ ጉንጉኖች ጥቂት ቀን አቆዩትና ታዘዘ አልታዘዘ እዩ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን፣ ባለ ጋሪ)፦ ወንድሜ፣ የእኔ ፈረስ ጋሪ ሲጎትት ኖሮ ጠፍሩ አንገቱ ላይ ጋማውን በልቶታል። አሁን ከጋሪ አውጥቼ ለግልቢያ ላሠለጥነው ነው። ጋማው ይመለሳል?

መልስ፦ ሥሩ ካልቆሰለ ይመለሳል። የጋማ ጠጉር በወር ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው፤ አስበው እንግዲህ፣ ክንድ የሚያህል ጋማ የዓመታት ሥራ ነው። አጭሩ ክፍል ላይ ጉንጉን አታስገድድ፤ የሚያድገው ጠጉር ይሰበራል። ከጠፍሩ ከተላቀቀ በኋላም መሳሳቱ ከቀጠለ ወይም ፈረሱ እንጨት ላይ የሚያሽ ከሆነ፣ ጋማውን ሥሩ ድረስ ገልጠህ ቅማል፣ መዥገርና የእከክ ቅርፊት ፈልግ፤ ካገኘህ የእንስሳት ሐኪም ይየው። ናፍጣ ቀባው የሚሉህን አትስማ፤ ቆዳውን ያቃጥለዋል።

እስኪያድግ ድረስ ሥልጠናውን ቀጥል። ጋማ የሌለው ፈረስ ከድሬሳዥ አይባረርም።

ጥያቄ (ከሸኖ)፦ የፈረሴ አንገት አጭርና ወፍራም ነው። በጉንጉን ቀጠን ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ዓይን ማታለል ይቻላል። ጉንጉኑ ከጠርዙ ወረድ ሲል ወፍራም አንገት ቀለል ብሎ ይታያል፤ ቀጭን አንገት ላይ ደግሞ ወደ ጠርዙ ጠጋ ይደረጋል፣ ሙላት ይሰጠዋል። እንደ መረብ እየተገናኘ የሚወርድ አሠራርም አለ፤ በየጥቂት ጣቱ በላስቲክ እየታሰረ፣ ጎረቤት ለጎረቤት እየተከፈለ የሚያያዝ። ረጅም ጋማ ላይ ያምራል፣ ሲበዛ ግን ዓይን ይበትናል። ሰፊ አንገት ላይ ባትሞክረው።

ጥያቄ (ከአለልቱ)፦ አፉ ዙሪያ ያለውን ረጃጅም ጢምስ? ንጹሕ እንዲመስል ልላጨው?

መልስ፦ በፍጹም። ያ ጠጉር መዳሰሻው ነው፤ አፍንጫው ሥር ያለውን ማየት ስለማይችል በእሱ ነው የሚያውቀው። በፌዴሬሽኑ ውድድሮች ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ጢሙ የተላጨ ፈረስ አይወዳደርም፤ ሐኪም ለሕክምና ያነሣለት ሲቀር። የዓይኑን ዙሪያም ይጨምራል።

ጥያቄ (ከጠባሴ)፦ ጉንጉኑን ከውድድሩ በኋላ እንዴት ልፍታው? መቀስ ስጠቀም ጠጉሩ አብሮ ይቆረጣል።

መልስ፦ ከታች ጀምረህ፣ የልብስ ሰፊዎችን ስፌት መፍቻ ይዘህ ክሩን ብቻ አንሣ። የክሩ ቀለም ከጋማው ጋር ሲመሳሰል የቱ ክር የቱ ጠጉር እንደሆነ አይለይም፤ ስለዚህ በብርሃን ሥራው፣ ሲመሽ አትጀምር። ከዚያ በእርጥብ እጅ ሥሩን አሽለት። አብዛኞቹ ፈረሶች እዚህ ላይ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ እናንተ ፈረስ ፈረስ ትላላችሁ። እኔ ሰጋር በቅሎ አለችኝ። ለእሷስ ቦታ የለም?

መልስ፦ እትዬ፣ ቦታ አለ። በእንግሊዝ አገር ዋላስ የሚባል በቅሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሪቱ ድሬሳዥ ማኅበር ሕጉን አሻሽሎ በቅሎዎች ከፈረስ ጋር እንዲወዳደሩ የፈቀደው በእሱ ምክንያት ነው። የበቅሎ ጋማ አጭርና ቀጥ ያለ ስለሆነ አይጎነጎንም፤ እኩል ተከርክሞ ይቆማል፣ በዚህ ላይ እርስዎ ከፈረሰኞቹ ሁሉ ሥራ ይቀልልዎታል። የሚከብደው ሌላ ነው፦ ሰጋር ከሆነች ሶምሶማ መሄድን እሺ ትልዎታለች? ዳኛው ስግሪያን አይቀበልም። እስኪ ሜዳ ላይ ያውጧትና እንዴት እንደሆነች ይጻፉልኝ።