የልጃችሁ ኮሌጅ ስም ስንት ያወጣል?

ለፋሲካ ከቨርጂኒያ የመጣ አንድ ወዳጄ ባለፈው ሳምንት እዚህ ሐዋሳ አሞራ ገደል ይዞኝ ሄደ። የበዓሉ ሥጋ ሰልችቶን ዓሣ አምሮን ነበር። የተጠበሰው ዓሣ ከዳጣ ጋር ቀረበ። እሱ ግን እጁን ሳይታጠብ ስልኩን አወጣ። "ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ" አለኝ።

ሴት ልጁ ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለዋታል። አንዱ ስሙ የተጠራ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። እርዳታው ተቀንሶ በዓመት 31,000 ዶላር ይቀራል። ሌላው የስቴቱ ነው፤ ከቤት ተመላልሳ ብትማር 9,000 ዶላር። መልስ የሚሰጠው እስከ ሜይ 1 ነው። "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ?" አለኝ። ይገባኛል። እኛም ያደግነው "የእገሌ ልጅ የት ደረሰው?" ሲባል እየሰማን ነው።

ምን ልትማር እንደሆነ ጠየቅኩት። ነርሲንግ ነው። አሜሪካ ውስጥ ነርስ የሚሆን ሁሉ የሚፈተነው አንድ ፈተና ነው፤ ኤንክሌክስ ይባላል። ከታወቀው ዩኒቨርሲቲ የወጣችውም ከሁለት ዓመቱ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የወጣችውም ያንኑ ይፈተናሉ። ሆስፒታሉ መጀመሪያ ላይሰንሷን ያያል። እዚህ አገርም ነገሩ ወደዚያው እየሄደ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሐዋሳ የተማረም ጎንደር የተማረም የመውጫ ፈተናውን ማለፍ አለበት። ታዲያ ለነርሲንግ በአራት ዓመት 88,000 ዶላር ጨምሮ መክፈል ለምን?

ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣው ስጠይቀው "ፓረንት ፕላስ" አለኝ። ይህን የአሜሪካ መንግሥት ብድር የማታውቁ ጠንቅቃችሁ እወቁት። ለልጅ ትምህርት ነው፣ ዕዳው ግን በወላጅ ስም ነው። ልጁ ሥራ ቢያገኝም ባያገኝም ከፋዩ እናንተ ናችሁ። ወለዱ ሰሞኑን 9 በመቶ አካባቢ ነው። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ጣሪያ አለው፤ ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር። የጎደለውን ከግል ባንክ እንሞላለን የምትሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት።

እኔ ፈርሜ አይቼዋለሁ። የመጀመሪያ ልጄ የታወቀ የግል ኮሌጅ ሲገባ ዘመድ ሁሉ እየደወለ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። የኮሌጁ ሠራተኛ ወረቀቱን ዘርግታ "እርዳታችሁ ይህ ነው" ብላ ድምሩ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ከዚያ ድምር ግማሹ ብድር ነበር። አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ልጄ ጎበዝ ነው፣ ጥሩ ሥራም አለው። አጠገቡ ያለው የሥራ ባልደረባው ግን ከስቴት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው፤ ደመወዛቸው አንድ ነው። እኔ ከአሜሪካ ወደ ሐዋሳ ከተመለስኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ዛሬም ጡረታዬ በገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚቆረጥለት ያ ብድር ነው።

ኢኮኖሚስቶቹ ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ጥናት አለ። በ1976 ኮሌጅ የገቡ ተማሪዎችን ነው የተከታተሉት። ተመሳሳይ ኮሌጆች ከተቀበሏቸው ልጆች መካከል አንዱ ጥቂት ተማሪ ብቻ የሚቀበለውን ኮሌጅ መረጠ፣ ሌላው ለመግባት ቀለል ያለውን። ከዓመታት በኋላ ገቢያቸው ተቀራራቢ ሆነ። ጉብዝናውን ልጁ ይዞት ነው የሚሄደው። በ2023 ደግሞ ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ ሃርቫርድን የመሳሰሉ 12 ኮሌጆችን መረመሩ። አማካይ ገቢ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም። የአገሩ ከፍተኛ ገቢ ካላቸው 1 በመቶ ሰዎች መካከል የመግባት ዕድል ግን በግማሽ ያህል ጨምሮ አገኙት። እንግዲህ ልጃችሁ ዎል ስትሪት የሚያልም ከሆነ ስሙ ይሠራል።

አሜሪካ ልጅ የምናስተምር ሐበሾችን ይበልጥ የሚመለከተን ሌላ ነገር አለ። ዴልና ክሩገር ቆይተው ባወጡት ሥራ፣ ጥቁር ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ብዙ ያልተማሩ ልጆች እንዲህ ያለ ኮሌጅ ሲገቡ ገቢያቸው እንደሚጨምር አይተዋል። ለምን እንደሆነ ለእናንተ አይጠፋችሁም። የጠበቃ ልጅ ሥራ ሲፈልግ የአባቱ ጓደኛ ስልክ ያነሳለታል። ፓርኪንግ ሲሠራ የኖረ አባት ለማን ይደውላል? ልጁ ያንን ትውውቅ የሚያገኘው ከክፍል ጓደኛው ነው።

ስለዚህ "ስም ምንም አያደርግም" የሚለውን ምክር ለኛ ልጆች አልሰጥም። ዋጋውን ኢንተርኔት ላይ አይቶ ደንግጦ "እንዳታመለክቺ" የሚል ወላጅ ሳይ በጣም አዝናለሁ። ፕሪንስተን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ብድርን በማይመለስ እርዳታ ተክቷል። ሃርቫርድ ከ2025 ወዲህ ገቢያቸው ከ100,000 ዶላር በታች ከሆነ ቤተሰቦች ምንም አያስከፍልም። ለታክሲ ነጂ ልጅ ፕሪንስተን ከሰፈሩ ኮሌጅ ሊረክስ ይችላል። የሚያከስረን መሀል ላይ ያለው ነው። ስሙ ይጠራል፣ ለእርዳታ የሚሰጠው ገንዘብ ግን ትንሽ ነው። ክፍተቱን የምንሞላው እኛ በብድር ነው።

ልጃችሁ ከማመልከቷ በፊት ኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያለውን ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር ሙሉ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል። ገቢያችሁን ስታስገቡ እናንተ የምትከፍሉትን ግምት ይነግራችኋል። ኖቫ (ሰሜን ቨርጂኒያ) ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ፣ የተጠየቀውን ውጤት አምጥቶ ወደ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ መዛወርም አለ። ዲፕሎማው ላይ የሚጻፈው የጨረሰበት ነው።

ወዳጄን ደብዳቤውን መስመር በመስመር አንብብልኝ አልኩት። "ሎን" (ብድር) የሚል ቃል ባየ ቁጥር እንዲያቆም ነገርኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ። 5,500 ዶላር፣ በልጅቷ ስም። እውነተኛው ዋጋ 36,500 ነበር ማለት ነው። ናፕኪን ላይ ጽፎ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ደወለላት። እዚያ ገና ጧት ነው፤ ወደ ትምህርት ቤት ልትወጣ ስትል አገኛት። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነገራት። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብትገባ ዶርም መኖር ትችል እንደሆነ። "ዶርም ሲጨመር ስንት ይመጣል ጋሼ?" አለኝና ናፕኪኑን ገለበጠው። ዓሣው በረደ፤ እኛ እንደገና መደመር ጀመርን።