ጥያቄና መልስ፦ የሊስትሮው እጅ አልንቀሳቀስ አለ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ ተወልጄ ያደግኩ፣ ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል የምሠራ ሴት ነኝ። ሰሞኑን ሐውልቱ አጠገብ ተቀምጦ ጫማ የሚቦርሽ ሊስትሮ ኢሉስትሬተር በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ሣልኩ። ፒያሳ የሚሠራ ጓደኛዬ አፍተር ኢፌክትስ በሚባለው ሥዕል ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም አኒሜት ሊያደርግልኝ ፋይሉን ወሰደ። በማግስቱ ደውሎ «እጁን ብቻ ማንቀሳቀስ አልቻልኩም፤ ልጁም ሳጥኑም ሐውልቱም ተጣብቀው ነው የመጡት» አለኝ። ፋይሉን በኢሉስትሬተር ሲከፍተው ደግሞ ሳጥኑ ላይ የጻፍኩት አማርኛ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖበታል። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ሥዕል ነው። እንደ አዲስ ልሥራው? ሠዓሊዋ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ ኧረ እንዳትሠሪው! ሥዕልሽ ምንም አልሆነም። የቀረሽ መለየት ብቻ ነው።

ፋይልሽን ባላየውም ከነገርሽኝ ተነስቼ ልገምት። ሁሉንም አንድ ሌየር (የሥዕል ንጣፍ) ላይ ሠርተሽ፣ በውስጡ ግሩፕ ግሩፕ (ቡድን ቡድን) አድርገሽዋል። ለመጽሐፍ ይሄ ምንም አይደለም። አፍተር ኢፌክትስ ግን የሚለየው ከላይ ያሉትን ዋና ሌየሮች ብቻ ነው። በውስጣቸው ያለው ሳብ ሌየርም (ንዑስ ንጣፍ) ሆነ ግሩፕ ለእሱ አንድ ሥዕል ነው። ሁለቱ ፕሮግራሞች ዛሬ የአዶቢ ይሁኑ እንጂ አንድ ቤት አላደጉም። ኢሉስትሬተር እ.ኤ.አ. በ1987 ሲወጣ የወረቀት ሥራ መሣሪያ ነበር። አፍተር ኢፌክትስ በ1993 ሲወጣ የሌላ ኩባንያ ነበር፤ አዶቢ እጅ የገባው ቆይቶ ነው።

መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርጊ። ዋናውን አትንኪው። ኮፒው ላይ አብሮ የሚንቀሳቀሰውን አብረሽ ግሩፕ አድርጊ። ይሄን ካልቀደምሽ እያንዳንዱ ጣትና እያንዳንዱ ጥላ ለብቻው ሌየር ሆኖ ጓደኛሽ መቶ ሌየር ውስጥ ይዋኛል። ከዚያ በሌየር ፓነሉ ላይ የሌየሩን ስም ጠቅ አድርጊ። ሥዕሉን ሳይሆን ስሙን። ከፓነሉ ሜኑ «ሪሊዝ ቱ ሌየርስ ሲኩዌንስ» የሚለውን ምረጪ። እያንዳንዱ ግሩፕ ሳብ ሌየር ይሆናል። እዚያ ላይ እንዳታቆሚ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሳብ ሌየሮቹን በሙሉ ይዘሽ ከእናትየው ሌየር ውጪ ጎትቻቸው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ስም ስጪ፦ ብሩሽ፣ ቀኝ ክንድ፣ ራስ፣ ሳጥን።

ምኑ ይለይ? ይሄ የፕሮግራም ሳይሆን የዓይን ጥያቄ ነው። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ጊዮርጊስ አካባቢ ጫማዬን ሳስቦርሽ የልጁን እጅ ብቻ ሳይ ነበር። ትከሻው እምብዛም አይንቀሳቀስም። ሥራው ያለው ክርኑና አንጓው ላይ ነው። አንዱን እግር ሲጨርስ ደግሞ በብሩሹ ሳጥኑን ኳ ኳ ያደርጋል፤ «ሌላኛውን አምጣ» ማለቱ ነው። ይህቺ ኳኳታ አኒሜሽንሽ ውስጥ ባትኖር አዝናለሁ። የአዲስ አበባ ሰው በእሷ ነው ሊስትሮውን የሚያውቀው። ስለዚህ ብሩሽ፣ መዳፍ፣ ከክርን በታች ያለው ክንድ፣ የላይኛው ክንድ፣ ሁሉም ለየብቻ ይሁኑ። ራሱ ቀና የሚል ከሆነ አንገቱም ይለይ፤ ዓይኑ የሚርገበገብ ከሆነ ሽፋሽፍቱም። የማይንቀሳቀሰውን ተዪው። ሐውልቱና ከኋላው ያለው ሰማይ ሁለት ሌየር ይበቃቸዋል።

አሁን እርሳስሽን የሚፈልገው ነገር መጣ። አንድ ነገር ከቦታው ሲነሳ የሸፈነው ይገለጣል። ብሩሹ የሸፈነውን ጫማ ሙሉውን ሣይው። ክንዱ እጅጌው ውስጥ የሚገባበትን ትንሽ አስረዝሚው። ክርኑ ላይ የሁለቱም ክንዶች ጫፍ ክብ ይሁንና ክቦቹ ይደራረቡ። እንዲያ ከሆነ ክንዱ ሲታጠፍ ቀዳዳ አይፈጠርም። እኔ ይሄን የተማርኩት በከባዱ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ማስታወቂያ ለፖስተር የተሠራ ሥዕል ተሰጠኝ። ጃንጥላ የያዘች ሴት ነበረች። እጇን ስቆርጠው ትከሻዋ ላይ ባዶ ሆነ፤ ከጃንጥላው ጀርባም ፊቷ ግማሽ ነበር። ሠዓሊው ከተማ ውስጥ አልነበረም። የሌላ ሰው መስመር አስመስዬ ስሥል አነጋሁ፤ መሃል ላይ መብራት ሄደ፣ ያላስቀመጥኩት ሁሉ አብሮት ሄደ። ጓደኛሽን ከዚህ አድኚው። የሠዓሊው እጅ ያለው አንቺ ጋ ነው፤ ጀርባውን ካንቺ የተሻለ የሚሞላው የለም።

ሴቭ ከማድረግሽ በፊት ቀለሙን እዪ። ለኅትመት የለመድሽ ስለሆንሽ ፋይሉ ሲኤምዋይኬ (የኅትመት ቀለም) ሊሆን ይችላል። ወደ አርጂቢ (የስክሪን ቀለም) ቀይሪውና ቀለሞቹን በዓይንሽ አስተካክዪ፤ ቪዲዮ የሚታየው በስክሪን ነው። አርትቦርዱ (የሥዕሉ ገጽ) ለቴሌቪዥን 1920 በ1080 ፒክስል፣ ለስልክ ቁም ቪዲዮ ደግሞ 1080 በ1920 ይሁን። ሴቭ ስታደርጊ «ክሪኤት ፒዲኤፍ ኮምፓቲብል ፋይል» የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን አረጋግጪ። አፍተር ኢፌክትስ ፋይሉን የሚያነበው በዚያ በኩል ስለሆነ ምልክቱ ከሌለ በሥዕሉ ፈንታ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ነው የሚመጣለት።

ጓደኛሽ ኢምፖርት ሲያደርግ «ፉቴጅ» ሳይሆን «ኮምፖዚሽን ሪቴይን ሌየር ሳይዝስ» ይምረጥ። እያንዳንዱ ሌየር በራሱ መጠን ይገባል። ከዚያ ኪቦርዱ ላይ Yን ተጭኖ ከክርን በታች ያለውን ክንድ አንከር ፖይንት (የሚዞርበትን ነጥብ) ክርኑ ላይ ያስቀምጥ፤ ብሩሹን ከመዳፉ፣ መዳፉን ከክንዱ ጋር በፓረንት (አንዱ ሌላውን ተከትሎ እንዲንቀሳቀስ በሚያደርገው ማያያዣ) ያያይዝ። ከዚህ በኋላ አንቺ ቀለም ብትቀይሪ ፋይሉን ሪሎድ ሲያደርግ ለውጡ ይገባለታል። የሌየር ስም ግን አትቀይሪ፣ ሌየርም አታጥፊ። አዲስ ሌየር ብትጨምሪ ራሱ ዘው ብሎ አይገባም፤ ደውለሽ ንገሪው።

ወደ አማርኛው ልምጣ። አራት ማዕዘኑ የመጣው አንቺ የተጠቀምሽው ፎንት እሱ ኮምፒውተር ላይ ስለሌለ ነው። በኮፒው ላይ ጽሑፉን መርጠሽ «ክሪኤት አውትላይንስ» በዪው። ፊደሉ ሥዕል ይሆናል፤ ፎንት አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ ግን ፊደል ማረም አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ለሌላ ሰው አስነብቢው። ፊደላችን እዚህ ላይ ደግ ነው። «ቡ» ብትዪ ድምፁ ከፊደሉ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ የዓረብኛ ፊደል እርስ በርሱ ይያያዛል፣ የእኛ ግን አይያያዝም። ስለዚህ ፊደል በፊደል ብትለዪያቸው አንድ በአንድ እየዘለሉ ሊገቡ ይችላሉ። ለሳጥኑ ጽሑፍ በጣም ያምራል።

ጥያቄ፦ ሎጎ ከኢሉስትሬተር ወደ አፍተር ኢፌክትስ አስገብቼ ሳጎላው ይደበዝዛል። ቬክተር አይደለም እንዴ? ከቸርችል ጎዳና

መልስ፦ ቬክተር ነው ወንድሜ፤ በፒክስል (በቀለም ነጥቦች) ሳይሆን በመስመር የተሠራ ማለት ነው። አፍተር ኢፌክትስ ግን መጀመሪያ በ100 ፐርሰንት ወደ ፒክስል ቀይሮ ነው የሚያጎላው። ታይምላይኑ ላይ ከሌየሩ ስም ቀጥሎ የፀሐይ ቅርፅ ያላት ትንሽ ማብሪያ አለች። እሷን ስታበራ በየመጠኑ እንደገና ይሥለዋል፣ ጥርት ይላል። መስመሮቹን ራሳቸውን ማንቀሳቀስ ከፈለግክ ሌየሩን ወደ ሼፕ ሌየር ቀይረው። ግራዲየንት (ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ ቀስ በቀስ የሚሸጋገር ቅብ) ካለው ግን ቀለሙ ሊበላሽ ስለሚችል ከለወጥክ በኋላ ከዋናው ጋር አስተያየው።