መልስ፦ የ16 ዓመት ልጅ ማታ ማሠራት ይቻላል ወይ?

ወንድሜ፣ ፍኖተ ሰላም ካፌ የተቀጠረው የ16 ዓመቱ ታናሽህ እስከ እኩለ ሌሊት መሥራቱ ሕጋዊ ነው ወይ ብለሃል። መቀጠሩ ይፈቀዳል፤ እስከዚያ ማምሸቱ ግን አይፈቀድም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትን «ወጣት ሠራተኛ» ይላቸዋል። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠሩም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓትና በበዓል ማሠራትም ክልክል ነው።

እኔም በዚያ ዕድሜዬ ደብረ ማርቆስ ብርጭቆ ሳጥብ አመሽ ነበር። ጠዋት ደብተሬ ላይ እተኛለሁ። መብቴን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የልደት ካርዱን ይዘህ ባለቤቱን አነጋግር። እምቢ ካለ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያየው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሂድ። ለልጁም ንገረው፦ 15 ዓመት ካለፈው በወንጀል የሚጠየቀው እንደ አዋቂ በመደበኛው ሕግ ነው። ስለዚህ የካፌውን ገንዘብ ሲይዝ ሒሳብ ላይ ይጠንቀቅ።