«ነጠላዬ ወጥቷል፤ እኔስ የት ሄድኩ?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ፎቶ እንጀራዬ ሆኖ አያውቅም፤ ሱሴ ግን ነው። በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው የቆየ ቁስሌን ስለነካው ረዘም ብዬ መልሼዋለሁ። ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። በቆምኩበት ሁሉ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ተራራው፣ ጉሙ፣ ገበያው ያምርልኛል። ሰው ሳነሳ ግን ፊቱ ይጠቁርብኛል፤ ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው። ስልኬ ርካሽ ስለሆነ ይሆን? ደግሞ ያነሳኋቸው ሰዎች ‹ትሰጠኛለህ?› ይሉኛል። እሺ እላለሁ፤ ሰጥቼ ግን አላውቅም። ብር የሚጠይቁም አሉ። ምን ይሻለኛል?» (ሹፌሩ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልጄ፣ ስልክህን አትማው። እኔም ባንተ መንገድ ላይ ያንኑ ጥፋት ሠርቻለሁ።

በ1986 ዓ.ም. ደሴ አስተምር ነበር። ዜኒት የምትባል የሶቪየት ካሜራ ነበረችኝ። ክብደቷ ሌባ ቢመጣ በእሷ ብትለው የሚነሳ አይመስለኝም። አንድ ፊልም 36 ፎቶ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ አይተኮስም። ሰኔ ላይ ወደ አዲስ አበባ ስንወርድ አውቶቡሳችን ደብረ ሲና ለምሳ ቆመ። ቆሎ የምትሸጥ እናት አየሁ። ነጠላዋ ገና ከሳጥን የወጣ ይመስላል። ከኋላዋ ጉም። ጊዜው 6 ሰዓት።

«አንሳኝ፤ ግን ታመጣልኛለህ» አለችኝ። እሺ አልኩ። የካሜራዋን የብርሃን መለኪያ መርፌ አይቼ እንደነገረችኝ አስተካከልኩና ተኮስኩ። አዲስ አበባ ፊልሙን አሳጠብኩ። መስከረም ላይ ወደ ሥራዬ ስመለስ ያቺው ቦታ ላይ አገኘኋት። ፎቶውን ተቀበለች። ራቅ አድርጋ አየችው፤ ቀረብ አድርጋ አየችው።

«ነጠላዬ ወጥቷል፤ እኔስ የት ሄድኩ?» አለች።

አጠገቧ ያሉት ቆሎ ሻጮች በሳቅ ፈነዱ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊት አያውቅም፤ የሚያውቀው ብርሃን ነው። ከፊቱ ያለውን ሁሉ ደማምሮ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል። ነጭ ነጠላና ነጭ ጉም ሲያይ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው ይድናል፤ ጠይም ፊት ግን ይጨልማል። (የቀለም ፎቶ ማስተካከያ ናሙናዎች ላይ ለብዙ ዘመን የነበረው የነጭ ሴት ፊት ነው። ይህም አለ። ግን የደብረ ሲናውን ጥፋት በዚህ አላላክክም፤ መርፌዋን አምኜ የተኮስኩት እኔ ነኝ።)

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። ስልክህ ላይ የሰውየውን ፊት በጣትህ ንካ። በብዙዎቹ ስልኮች ትንሽ የፀሐይ ምልክት ይመጣል። ፊቱ እስኪፈካ ወደ ላይ ጎተት አድርጋት። ሰማዩ ነጭ ይሁን፤ ግድ የለህም። ሰማይ ፎቶዬን አምጣልኝ አይልህም።

ከዚህም የሚቀለው ጥላ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ፀሐይ በዓመት ሁለቴ ቀጥ ብላ በአናታችን ላይ ታልፋለች። እኩለ ቀን ላይ ሰው ብታነሳ የዓይኑ ጉድጓድ ጥላ ይሞላበታል። ስለዚህ ሱቅ በረንዳ ላይ ወይም ላስቲክ ሥር አስጠግተው። ፊቱን ወደ ብርሃኑ ያዙር። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ከ10 ሰዓት በኋላ ከሆነ ጥላም አያስፈልግህም። ማታ ላይ ግን ፍጠን። በእኛ አገር ፀሐይ ለመጥለቅ አታመነታም።

እኔም የመጀመሪያውን ፎቶ ባደረስኩላት ዕለት ያቺን እናት ጥላ ውስጥ አስቀምጬ ደግሜ አነሳኋት። ለገና ዕረፍት ስወርድ ሰጠኋት። «አሁን መጣሁ» አለች። የገዛሁት ቆሎ ላይ ሌላ አንድ ጣሳ መረቀችልኝ።

«ትሰጠኛለህ?» ላሉህ ሰዎች ስጣቸው። አንተ ከእኔ የተሻለ ዕድል አለህ፤ እኔ ወራት ቆይቼ ነው የምመለስ፣ አንተ ምናልባት በሳምንት ትመለሳለህ። ፎቶ ቤት ገብተህ አሳትም። ከጀርባው ስም፣ ቦታና ቀን በእስክሪብቶ ጻፍ። ዳሽቦርድህ ላይ አስቀምጥና ስታልፍ አድርስ። ብር ለሚጠይቅህ ነጋዴ ከሆነ ከሚሸጠው ግዛ። ሕፃን ከሆነ አትስጥ፤ ወላጁን ሳታስፈቅድም አታንሳ። አልፈልግም ያለህን ሰው ደግሞ ከመኪና መስኮት ሰርቀህ አታንሳው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አስተማሪነቴ አልለቅ ብሎኝ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የበሳው የጣርማበር ዋሻ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስተህ በዚያ በኩል ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ስትገባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የነዳኸው። በዚያች መንገድ ላይ የሰው ልብስ እንዴት እንደሚቀየር አስተውለሃል? ጋቢው እየቀለለ፣ እየቀለለ ይሄዳል። እስቲ በየከተማው አንድ አንድ ሰው ከነልብሱ አንሳልኝ። መኪናውን አቁመህ እንጂ እየነዳህ አይደለም፣ አደራ!

ጥያቄ፦ «ከ22 ዓመት በኋላ ለጥምቀት ጎንደር ልሄድ ነው። እናቴም አብራኝ አለች። ካሜራ ይዤ ስዞር ሰው ይቀየመኝ ይሆን?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ አይቀየምሽም፤ በጥምቀት ያላነሳ ማን አለ? ታቦቱ ፊት ለፊት ግን አትደንቀሪ። ከጎን ሁኚ። ጥር 10 ከተራ ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ መንገድ ዳር ጥሩ ቦታ ታገኛለሽ። ጥር 11 ገና ሳይነጋ ተነሺ። ጸሎቱ አልቆ ውሃው ሲባረክ ወጣቶቹ ይዘላሉ፤ አንቺም ትረጥቢያለሽ። ካሜራሽን በፌስታል ሸፍኚ።

እዚያው ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ፍላሽ አታብሪ፤ የቆየ ሥዕል ነው። ክንድሽን ከጎንሽ አጣብቀሽ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ ተኩሺ። ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት እንደሆነ አይንቀሳቀሱብሽም።

እኔ ታቦት ሲያልፍ ካሜራዬን ዝቅ አደርጋለሁ። ሕግ አይደለም፤ ልማዴ ነው። ያን ጊዜ ዞር ብለሽ እናትሽን እዪ። ከ22 ዓመት በኋላ እልል የምትለዋን እናትሽን ሌላ ማንም ፎቶ አንሺ አያነሳልሽም።

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ፎቶ እወዳለሁ፤ ግን የትም መሄጃ ብር የለኝም። እዚህ ሁሉም ሰው የሚያነሳው ሐይቁንና አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ነው። አሰልቺ ነው። ምን ካሜራ ብገዛ ይሻላል?»

መልስ፦ ምንም አትግዛ። የስልክህን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ፤ ግማሹ ችግርህ ያልቃል።

ስለ መሄጃው ልንገርህ። በ1990ዎቹ ላሊበላ ሄጄ ቤተ ጊዮርጊስን 36 ጊዜ አንስቼዋለሁ። ሙሉ አንድ ፊልም! ዓለም በሙሉ የሚያነሳውን ሕንፃ። ፒያሳ ደግሞ ለ30 ዓመት ማኪያቶ የጠጣሁባት ቤት ነበረች። በ2016 ዓ.ም. የአካባቢው ቤቶች ሲፈርሱ እሷም ሄደች። ቤት ገብቼ አልበሞቼን ሁሉ ገለበጥኩ። የተገኘው አንድ ፎቶ ነው፤ እሱም የአጎቴ ልጅ ውጭ ቆሞ ጫማውን ሲያስጠርግ ነው። ከኋላው የበሩ ግማሽ ይታያል። ትሪ የያዘ የአስተናጋጇ ክንድም አለ። ፊቷ ከበሩ ጀርባ ቀርቷል።

ነገ ጠዋት ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል ሂድ። አባ ኮዳዎቹን ተዋቸው፤ ብዙ ወዳጅ አላቸው። ዓሣ የሚበልቱትን ልጆች እጅ እይ፤ ቢላዋው እንዴት እንደሚሮጥ። መረብ የሚጠግኑትን እይ። መጀመሪያ ቀን አታንሳ፤ የዓሣ ሾርባ ጠጥተህ ተመለስ። በሦስተኛው ቀን እነሱ ራሳቸው «ምነው፣ አታነሳንም?» ይሉሃል። ካነሳኸው አንዱን ብቻ ላክልኝ፤ የልጁን ስም ከጀርባው ጽፈህ። ለልጁም አንድ ቅጂ።